ካሪየር ሴንተር ሥራ ያስገኛል ወይ? ጎንደር ላይ የተነሳ ክርክር

የጎንደር ልጆች በምንወያይበት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ተነስቶ እስካሁን አልበረደም። ጥያቄውን ያነሳው ባለፈው ክረምት በአካውንቲንግ የተመረቀ ልጅ ነው። ነገሩን ሳያለዝብ ነው የጻፈው። በተማረበት ተቋም ውስጥ ካሪየር ሴንተር የሚባል፣ ተማሪን ለሥራ ፍለጋ የሚያዘጋጅ ቢሮ አለ። ተማሪ ሆኖ ዘመኑን ሁሉ በደጁ አልፏል። የገባው ግን ምረቃው ሲቃረብ አንድ ቀን ብቻ ነው። አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ተሰብስቦ ስለ ሲቪ አጻጻፍ ገለጻ ተደረገለት፤ ሰርተፊኬት ታደለ፤ ፎቶ ተነሱ፤ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የደወለለት የለም። እንዲህ ያለ ቢሮ ተማሪን ለሥራ ያበቃል ወይስ ለሪፖርት ብቻ ነው የተከፈተው ብሎ ጠየቀ። የተቋሙን ስም አልጠቀሰም። ደግም አደረገ፤ ጉዳዩ የአንድ ተቋም ብቻ አይደለም።

መልሶቹን በሙሉ አንብቤያቸዋለሁ። ከ40 በላይ ስለሆኑ ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ የተባለውን በየተራ ላውጋችሁ። የራሴንም ሐሳብ መሃል መሃል ላይ እጨምራለሁ።

1ኛውን መልስ የጻፈችው የ3ኛ ዓመት ተማሪ ናት። ወንድሜ ብላ ጀምራ፣ ጥያቄውን ስላነሳ አመስግናው፣ እሷ ገና ጊዜ ስላላት ከአሁኑ ምን ብታደርግ እንደሚሻላት ጠየቀች። በእኔ ግምት ከሁሉም የተሻለው ጥያቄ የእሷ ነበር። የሚያሳዝነው ለብዙ መልስ ያህል ዞር ብሎ ያያት አልነበረም። 2ኛውና 3ኛው ያንኑ ቅሬታ በየራሳቸው ትምህርት ክፍል ስም ደገሙት።

4ኛው ግን ማረሚያ ይዞ መጣ። እሱ ወደ ማዕከሉ የሄደው ማንም ሳይጠራው፣ ገና ሁለት ዓመት እየቀረው ነው። የልምምድ ኢንተርቪው አስቀመጡት። ስለራስህ ንገረን ሲሉት ዳባት መወለዱን፣ አንደኛ ደረጃን የት እንደተማረ፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ ሁሉንም ተራ በተራ መተረክ ጀመረ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ አስቆሙት። ቀጣሪው የሚፈልገው የሕይወት ታሪክ ሳይሆን ለዚህ ሥራ ለምን እንደምትሆን ነው አሉት። ከዚያ እንደገና፣ ከዚያም እንደገና አስደገሙት። ዛሬ አዘዞ አካባቢ አንድ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ኢንተርቪው ሲገባ እግሩ ያልተንቀጠቀጠው ያን ቀን ስለተንቀጠቀጠ እንደሆነ ጻፈ። ወቀሳውንም በግማሽ ወደ ተማሪው መለሰው፤ ቢሮው ክፍት ሆኖ ሳለ አንኳኩቶ የማይገባ ተማሪም አለ ነው ነገሩ።

5ኛው ላይ ጨዋታው ተበላሸ። ጸሐፊው ዘመድ የሌለው ሰው ሲቪውን ወርቅ ቢቀባውም ዋጋ የለውም አለ። ማስታወቂያ የሚለጠፈው ለሕግ ሲባል እንጂ ሰውየው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ካሪየር ሴንተር ማለት ድሃን ማታለያ ነው ብሎ ደመደመ። 6ኛው ወዲያው ተነሳበት። የወገራ ገበሬ ልጅ ነው፤ በየትኛውም ቢሮ አጎት የለውም፤ ባንክ የገባው የጽሑፍ ፈተና አልፎ ነው። የዘመድ ወሬ የሰነፍ መደበቂያ ነው ሲል ተሳደበ። 7ኛዋ ሁለቱንም ለማስታረቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ስድቡን አልደገፍኩትም። ግን 5ኛው ያለውን ብዙ ሰው በልቡ ይዞት ስለሚዞር ተጽፎ መውጣቱ ጥሩ ነው።

ክርክሩን ወደ ቁም ነገር የመለሰው 8ኛው ነው፤ አስተማሪ ይመስለኛል። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመውን ጥናት አነሳ። በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎች፣ ወሬውን ከነገራቸው ሰው ጋር በዚያን ሰሞን ምን ያህል ይገናኙ እንደነበር ተጠይቀው ነበር። ዘወትር የሚገናኙት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። 56 ያህሉ አልፎ አልፎ፣ 28 ያህሉ ደግሞ ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኛህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ። አዲስ ወሬ የሚመጣው ከራቅ ያለው ትውውቅ ነው። ስለዚህ የሥራ መንገድ የሚከፍተው ሁሉ አጎት አይደለም። የቀድሞ ተመራቂ፣ ለልምምድ የወጣህበት መሥሪያ ቤት የነበረ ኃላፊ፣ አንድ ጊዜ ስልክ የተቀያየርከው ሰውም ይሆናል።

እዚህ ላይ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። የካሪየር ሴንተር ትልቁ ሥራ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። የሐኪም ልጅ ትውውቁን ከቤቱ ይዞት ይመጣል። የደምቢያ ገበሬ ልጅ ግን አዲስ አበባ የሚሠራ አንድም ሒሳብ ሠራተኛ ላያውቅ ይችላል። ማዕከሉ ያን ልጅ ከአምስት የቀድሞ ተመራቂዎች ጋር በስልክ ካገናኘው፣ ዘመድ ያጣውን ልጅ ትውውቅ ሰጠው ማለት ነው። የአዳራሽ ገለጻ ይሄን አያደርግም።

የ3ኛ ዓመቷን ተማሪ በመጨረሻ ያስታወሷት 9ኛው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጤና መኮንን። ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ፣ ያሁኑ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ካሪየር ሴንተር የሚባል ስም ሳይሰማ ተማሪን ለሥራ የሚያበቃበት የራሱ መንገድ ነበረው፤ ዛሬም አለው። ቲቲፒ ይሉታል፤ የቡድን ሥልጠና ነው። የተለያየ የጤና ሙያ የሚማሩ ልጆች አንድ ላይ ተቧድነው እንደ ቆላ ድባ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ። እዚያው እየኖሩ የአካባቢውን የጤና ችግር ያጠናሉ፤ እቅድ ያወጣሉ፤ ከገበሬው ጋር ተነጋግረው ይሠራሉ፤ ሪፖርት ያቀርባሉ። ሰውየው እንደጻፉት ከቡድን ጋር መሥራትን የተማሩት በመጽሐፍ ሳይሆን ከነርሷና ከሳኒታሪያኑ (ከአካባቢ ንጽህና ባለሙያው) ጋር አንድ ቤት አድረው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው ነው። ምክራቸውም አጭር ነበር፦ ምረቃ አትጠብቂ፤ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ክረምቱን በከንቱ አታሳልፊ፤ በነጻም ቢሆን አንድ ቦታ ገብተሽ ሥሪ። 10ኛው በነጻ የሚለው ቃል ቅር አሰኝቶት፣ የነጻ ጉልበት መለመን ይቁም ብሎ ቆጣ አለ። እሳቸው አልመለሱለትም። ለትራንስፖርት እንኳ የሌለው ተማሪ በነጻ ሊሠራ እንደማይችል ግን ሊታወቅ ይገባል። በዚህ 10ኛው ልክ ነው።

11ኛዋ በአንድ ባንክ የሰው ኃይል ክፍል የምትሠራ ሴት ናት። የእሷን መልስ ማንበብ ለማንኛውም ተመራቂ ይጠቅማል። ለዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ ማስታወቂያ ሲወጣ የሚመጣው ማመልከቻ ቁልል ነው። መጀመሪያ የሚጣለው ሰነፉ ሳይሆን መመሪያውን ያላነበበው ነው። የሌላ ድርጅት ስም ያለበት ማመልከቻ ደብዳቤ የሚልክ አለ። ስልኩ የማይሠራ አለ። ከሁሉ የገረማት ግን ሲቪዎቹ መንታ መሆናቸው ነው። ታታሪ፣ ታማኝ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል፤ በትርፍ ጊዜው መጽሐፍ የሚያነብና ኳስ የሚያይ። አንዱን ሲቪ ስታነብ ታች ያለው የምስክር ስልክ ከስሙ ጋር አልገጥም አላት። ብትደውል የሌላ አመልካች አጎት ሆነው ተገኙ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ የአንዱን ሲቪ ለሌላው ሲገለብጥ ያን መስመር ሳያጠፋው ቀርቷል።

13ኛውን የጻፈው ራሱ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ነው! ከግቢ በር አጠገብ ነው ሱቁ። ተቆጥቶ ነበር፤ ቁጣው ግን ምክንያት አለው። ተማሪው የሚመጣው ማመልከቻው ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ባዶ እጁን መጥቶ አንተ ታውቃለህ ጻፍልኝ ይላል። ወረፋ አለ፤ መብራት ይጠፋል። እሱ የሚያስከፍለው የገጽ ዋጋ ነው፤ የማማከር ዋጋ አይደለም። ቀጥሎ የጻፈውን ግን ወደድኩት። ማዕከሉ ደህና የሲቪ ናሙና አዘጋጅቶ በየሱቁ ኮምፒውተር ላይ ቢጭን፣ ከጎኑም ተማሪው ራሱ ሞልቶ የሚያመጣው የጥያቄ ወረቀት ቢያስቀምጥ፣ እሱ በደስታ እንደሚያድል ጻፈ። ምን ሠራህ? ለማን? ስንት ጊዜ? ውጤቱ ምን ሆነ? የሚሉ ጥያቄዎች። በመላው የውይይት ክር ከዚህ የበለጠ ርካሽና ዛሬውኑ ሊሠራ የሚችል ሐሳብ አላየሁም። ተማሪው ያለው እዚያ ሱቅ ነው፤ ማዕከሉም ወደዚያ ይሂድ።

14ኛዋ አንዲት ተመራቂ ናት። ምን ሠራሽ የሚለውን ጥያቄ አይታ፣ እኔ ምንም የሥራ ልምድ የለኝም ብላ ጻፈች። 15ኛዋ በተቋማት ተማሪ ስታማክር የኖረች ሴት ስለሆነች ጥያቄ ታዥጎደጉድባት ጀመር። የተማሪ ማኅበር? የለም። ቤተሰብ ንግድ አለው? የለም። ግቢ ጉባኤ? አዎ፣ ሁለት ዓመት ሒሳብ ያዥ ነበረች። ወርሃዊ መዋጮ በደረሰኝ ትሰበስብ ነበር። ለገዳም ጉዞ አውቶቡስ ተከራይታለች፤ የስንቅ ወጪ አስልታለች፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳቡን ለኦዲት አቅርባ ጉድለት አልተገኘባትም። ልጅቷ ይሄንን ሲቪ ላይ መጻፍ ከበዳት። የአገልግሎት ነገር ነው፤ ብጠቅሰው ውዳሴ ከንቱ ይሆንብኛል ብላ ፈራች። አማካሪዋ ጥሩ መልስ ሰጠቻት። ራስን ማሞገስ ጎበዝ ነኝ ማለት ነው። ይህን ያህል ሰው መዋጮ በደረሰኝ ሰብስቤ ሒሳቡን አስመርምሬያለሁ ማለት ግን የሆነውን መናገር ነው። ታታሪና ታማኝ የሚለው መስመር ወጥቶ ይሄ ገባ። እዚያው ክሩ ላይ፣ ሁላችንም እያየን፣ የልጅቷ ሲቪ ሌላ ሆነ።

ስለ አስተዳደጋችን እዚህ ላይ ማሰብ አለብን። አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲመልስ ያሳደግነውን ልጅ፣ በአንድ ቀን ገለጻ ቀና ብለህ ስለራስህ ተናገር ብንለው አይሆንለትም። ልምምድ ይፈልጋል። ሰው በሰው የሚሰጥ ልምምድ።

16ኛው ይሄ ሁሉ ወሬ አንገሸገሸው። ሥራው ራሱ ከሌለ ሲቪ ምን ይሠራል ብሎ ጮኸ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ኢሜይል መላክ ብርቅ ሆኖ እንደነበር አስታወሰ። መንገዱ፣ ጸጥታው፣ የቆሙት ፕሮጀክቶች፤ ሁሉንም ዘረዘረ። 17ኛው የቱሪዝም ተመራቂ ነው፤ በፋሲል ግቢ አስጎብኚ የመሆን ሕልም ነበረው። እንግዳ በቀነሰበት ዘመን አስጎብኚዎች ራሳቸው ሥራ ፈትተው እንደከረሙ ጻፈ። ለእነዚህ ሁለቱ ማንም የሚያጽናና መልስ አልነበረውም። ማዕከል ፋብሪካ አይከፍትም። ያለችውን ጥቂት ቦታ ግን ማን ያገኛታል የሚለው ጥያቄ አለ፤ የቦታ ማነስ ጥያቄውን ያከብደዋል እንጂ አያስቀረውም።

18ኛው ይህን ይዞ ቀጠለ። የኢኮኖሚክስ ሰው ነው። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ ያካሄዱትን ጥናት አቀረበ። ለአንዱ ቡድን ሥራ ፍለጋ መሃል ከተማ የሚያመላልስ የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠ። ለሌላው ደግሞ ስለ ማመልከቻና ኢንተርቪው ሥልጠና ተሰጥቶ ችሎታው ተፈትኖ ሰርተፊኬት አገኘ። ለአጭር ጊዜ ሁለቱም ጠቀሙ። ከ4 ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ቡድን ገቢ ላይ ለውጥ አልታየም፤ የሥልጠናው ቡድን ገቢ ጨምሮ ተገኘ። ምስጢሩ ወጣቱ ችሎታውን ለቀጣሪ ማሳየት መቻሉ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች በሌላ ጥናት የሥራ አውደ ርዕይ አዘጋጅተው ነበር። ውጤቱ አነስተኛ ነው፤ ከተገኙት ድርጅቶች በየ10ሩ 1 ቅጥር ያህል ብቻ። ፈላጊውም ቀጣሪውም የተሳሳተ ግምት ይዘው ነበር የመጡት። ልጁ ከገበያው በላይ ደመወዝ ይጠብቃል፤ ድርጅቱም ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አቋሜን ለመናገር አልፈራም። የመክፈቻው ልጅ የተናደደበት ዓይነት ዝግጅት፣ ድንኳንና ባነር ያለበት፣ ለካሜራ ጥሩ ነው። ለውጥ የሚያመጣው ግን ዘገም ያለው ሥራ ነው፦ የአንድን ልጅ ወረቀት ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ማየት፣ የሚችለውን ፈትኖ የሚታመን ማስረጃ መስጠት፣ ስለ ደመወዙ እውነቱን መንገር። ለዚህ ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ሺህ ተማሪ ባለበት ተቋም ሁለት ሠራተኛ አስቀምጦ ውጤት መጠበቅ ለሠራተኞቹም ግፍ ነው።

ከ19ኛው እስከ 26ኛው ወሬው ከመንገዱ ወጣ። አንዱ የመውጫ ፈተናን አነሳ፤ 2015 ላይ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ከተጀመረ ወዲህ ተማሪው 50 ነጥብ ለማምጣት ብቻ እየተጨነቀ ለሌላ ነገር ጊዜ አጥቷል አለ። ሌላው የወጪ መጋራት ዕዳ ሳይከፈል ኦሪጅናል ዲግሪ አይሰጥም፣ በቴምፖ (በጊዜያዊው ማስረጃ) ብቻ የማይቀበል ቀጣሪ አለ ብሎ አማረረ። ከሥራ የተባረረ አንድ ልጅ የሙከራ ጊዜ ስንት ነው ሲል ጠየቀ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ማዘዙን የሚያውቅ ሰው ነገረው። ከዚያ የቤት ኪራይና የባጃጅ ዋጋ መጣ። አስተባባሪው ወደ ርዕሱ ተመለሱ ብሎ እስኪለምን ድረስ ቀጠሉ።

27ኛዋ ስትገባ ሁሉም ዝም አለ። ሁለት ጊዜ ለጽሑፍ ፈተና አዲስ አበባ ተጠርታ አልሄደችም። እናቷ በዚህ መንገድ ሴት ልጄን አልልክም አሏት። ለአውሮፕላን ደግሞ ገንዘብ የለም። ጥሩ ውጤት ነበራት፤ ሲቪዋም ደህና ነው። የጎደላት ጎንደር ላይ ተቀምጣ የምትፈተንበት ቦታ ነው። 28ኛው ይህ የቤተሰብ ችግር እንጂ የማዕከል ችግር አይደለም ብሎ በደረቁ መለሰላት። አራት ሰዎች ተከታትለው ገሠጹት፤ ደግ አደረጉ። ከእነሱ አንዷ፣ 31ኛዋ፣ መፍትሔ ጻፈች። ማዕከሉ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ኮምፒውተርና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይኑረው። ቀጣሪዎችን ደውሎ ተፈታኞቻችሁን እዚሁ እኛ እንፈትንላችሁ፣ ኢንተርቪውንም በቪዲዮ አድርጉ ይበላቸው። የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው፤ የቅጥር ፈተና የማይሰጥበት ምክንያት የለም።

በ35ኛው ላይ ክሩን የከፈተው ልጅ ተመለሰ። ንዴቱ በረድ ብሏል። 11ኛዋን አመስግኖ ሲቪውን እንድታይለት ጠየቃት፤ እሺ አለችው። ቀጥለው ሌሎች ሦስት ሰዎች በየሙያቸው ሲቪ ለማየት ፈቃደኛ መሆናቸውን ጻፉ። አንደኛው የብቅል ፋብሪካ ውስጥ የሠራ መሐንዲስ ነው። 5ኛው፣ ያ የዘመድ ነገር ያነሳው፣ አንድ ቃል ሳይጽፍ ሲቪውን ለጠፈ።

ከመጨረሻዎቹ አንዱ፣ 42ኛው፣ ገና በቂ ምላሽ አላገኘም። የጻፈው ዓይነ ስውር የሕግ ተመራቂ ነው። የጽሑፍ ፈተና ሲጠራ አንባቢ ወይም በድምፅ የሚያነብ ኮምፒውተር ይዘጋጅ እንደሆነ ማንን መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም። አንድ ጊዜ አዳራሽ ደርሶ፣ ወረቀት ተሰጥቶት፣ ተመልሶ ወጥቷል። 43ኛው የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገውን አዋጅ 568/2000 ጠቀሰለት፤ ቀጣሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት የማድረግ ግዴታ አለበት። ይህ እውነት ነው። ግን ከፈተናው ሳምንት በፊት ስልክ አንስቶ ለቀጣሪው ማን ይናገርለት? ያን ስልክ መደወል ያለበት የካሪየር ሴንተር ሠራተኛ ነው ብዬ 44ኛውን መልስ ጽፌያለሁ። እንዲህ ያለ ፈተና ያመቻቸ ወይም የተፈተነ ካላችሁ፣ እንዴት እንደተሠራ እዚያው ጻፉለት፤ ቀጣዩ ፈተናው ወሩ ሳያልቅ ነው።